አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ሥራ ማስያዝ፦ ከበር እስከ ወንበር ያለው መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ አብሬው ወደ ካዛንቺስ ሄድኩ። በሕግ ዲግሪውን ይዟል፤ ኮቱን አስተኩሶ ለብሷል፤ ማስረጃዎቹን በክላሰር ደርድሯል። እኔ የታክሲ ሂሳብ ከፍዬ እስክከተለው ድረስ ነጭ በትሩን እያስቀደመ ከመሥሪያ ቤቱ በር ደረሰ። በሩ ላይ የነበሩት አዛውንት ጥበቃ ገና አንድ ቃል ሳይናገር «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው አሰናበቱት። ለለማኝ የሚባለው ነው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነው አባባ» አላቸው። ደነገጡ፤ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁት፤ ክንዱን ይዘው አስገቡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነጭ በትር ይዞ ለሥራ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሟቸው አያውቅም ነበር።

ወጣቱ ያን ቀን የሚያውቀውን ያህል አልተናገረም። እኔም ለሳምንታት የተዘጋጀሁት ለሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ለበሩ አልተዘጋጀሁም። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምለካው ከበሩ እስከ ወንበሩ ባለው ርቀት ነው። ችሎታ ያለው ወጣት አለ፣ ሰው የሚፈልግ ቀጣሪም አለ። በመካከላቸው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ሊጠገን የሚችል ነገር ነው፦ አንድ ደረጃ፣ ስካን የተደረገ ደብዳቤ፣ የዋስ ወረቀት፣ ለማይሰማ ሰው የተደረገ የስልክ ጥሪ። ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ማስተካከል ይጠበቅባችኋል። እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል እነሆ።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ

ሠራተኛና አሠሪን ማገናኘት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ በየትኛው መልክ እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ትመዘገባላችሁ፤ አዋጁ ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራም ይፈቅዳል። በንግድ መልክ ከሆነ ደግሞ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም በር ከፍቷል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ገንዘቡ ከቀጣሪው፣ ከምትሰጡት ሥልጠና ወይም ከደጋፊ ይምጣ። ከሥራ ፈላጊው ኪስ አንድ ብር እንኳ አትቀበሉ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አንደኛ፦ ወጣቱን በሚሠራው ሥራ እወቁት

ወጣቶቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር፣ ሌሎቹም ማኅበራትና የጋራ ጥላቸው የሆነው የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን አሉ። ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ ንገሯቸው፤ ምክራቸውን ስሙ። ከእናንተ በፊት ለዓመታት የታገሉ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ቦታ ወጣቱ ይምረጥ። የት እንደመረጠና በምን እንደመጣ ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። ስትገናኙ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ በታክሲ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሠርግ ቤት ሲጠየቅ ኖሯል። ለእናንተ ሥራም አይጠቅምም። ምን መሥራት እንደሚችል፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ጠዋት ከቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያሰለቸው ጠይቁት። ከዚያ ቢያንስ አንድ ነገር ሠርቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፦ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሂሳብ ይደምር፣ ልብስ ይስፋ፣ ደንበኛ እንደመጣበት አድርጎ ያስተናግድ።

በማስታወሻችሁ ላይ «ታታሪና ጠንካራ ወጣት» ብላችሁ ብትጽፉ ለቀጣሪው ምንም አልነገራችሁትም። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው፦ «በስክሪን ሪደር ታግዞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ከሽሮ ሜዳ ብቻውን ይመጣል፤ ደረጃ አያስቸግረውም፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።» የመጨረሻዋን ሐረግ አትደብቋት። ወጣቱ የማይችለውን በግልጽ የጻፋችሁ እንደሆነ ቀጣሪው የሚችለውን ያምናችኋል።

ከመስማት የተሳናቸው ወጣቶች ጋር ስትነጋገሩ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። በዚህ ምክንያት የጽሑፍ አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የማመልከቻው ዓረፍተ ነገር ስለተንጋደደ አእምሮው የተንጋደደ አድርገው የሚያዩ ቀጣሪዎች አጋጥመውኛል። ይህን ለቀጣሪው ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። ከወጣቱ ጋር ስትነጋገሩ አስተርጓሚ ያዙ፤ በየቀኑ ለሚኖረው ግንኙነት አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም የቴሌግራም ቪዲዮ ተጠቀሙ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት

ክፍት ቦታ ሲገኝ ከማመልከቻው በፊት መንገዱን እዩ። በካርታ ሳይሆን በእግር፣ ወጣቱ በሚሄድበት ሰዓት።

ለምሳሌ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና አስቡት። በተሽከርካሪ ወንበር ጠዋት መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ማታ በደከመ ክንድ ያንን ዳገት መመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፤ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ዱሮ ያላገኘውን ቦታ አግኝቷል። ችግሩ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ እስከ ሕንፃው በር የምትደርሰዋ ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ድንጋይ ንጣፍ፣ ክፍት ቦይ፣ የቆመ መኪና ይኖራል። በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ፤ ክራንች እርጥብ ሴራሚክ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ያየ ሰው አይረሳውም።

ታክሲውንም ቁጠሩ። ለዓይነ ስውር ሰው የረዳቱ ጩኸት መንገድ መሪ ነው፤ «ስታዲየም፣ ለገሃር!» ሲባል ይሰማል። ለማይሰማ ሰው ደግሞ ታፔላው ነው መሪው። ተሽከርካሪ ወንበር የያዘ ሰው ግን ወንበሩን የሚጭንለት ታክሲ ለማግኘት ይለምናል፤ ሲገኝም የሁለት ሰው ሂሳብ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ወጪ በወር ሲደመር ከደመወዙ ምን ያህል እንደሚበላ አብራችሁ በወረቀት ላይ አስሉ። ደመወዙ ትራንስፖርቱን ችሎ የማይተርፍ ከሆነ ወይ ቀጣሪው ሰርቪስ እንዲያመቻች ተነጋገሩ፣ ወይ ሌላ ሥራ ፈልጉ። ወጣቱን በኪሳራ አትላኩት።

ሕንፃው ውስጥ ስትገቡ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። በደረጃ ፋንታ ለሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ አጥሮ የተሠራ መወጣጫ ሰው ይጥላል። የበሩ ነጻ ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ሳታዩ አትውጡ፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ሠራተኞች አሉ፤ ምክንያቱን ለማንም አይናገሩም። ሊፍት ካለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ ያገኘ ሰው ጄኔሬተሩ ሊፍቱን የማያንቀሳቅስ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀሪ ይሆናል።

የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ያዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጠረጴዛውን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ከክርክር ይፈጥናል።

ሦስተኛ፦ ቀጣሪውን ስለ ሥራው አነጋግሩት

ወደ ቀጣሪ ስትሄዱ «እባክዎ ይርዱልን» አትበሉ። እርዳታ ከጠየቃችሁ እርዳታ ይሰጧችኋል፤ አንድ ሺህ ብር ወይም አንድ ካርቶን ዘይት። «ለመዝገብ ክፍልዎ ሰው እየፈለጉ መሆኑን አይተን ነው የመጣነው፤ ይህን ሥራ የምትሠራ ልጅ አለችን» በሉ። ከዚያ ስለ ሥራው ብቻ ተነጋገሩ፦ በቀን ስንት ፋይል ይገባል? በምን ቅደም ተከተል ይቀመጣል? ከፍተኛው መደርደሪያ ምን ያህል ከፍታ አለው? ቀጣሪው ጥያቄያችሁን ሲሰማ ሥራውን እንደምታውቁት ይገባዋል።

ማስታወቂያውንም በጥንቃቄ አንብቡ። «ሙሉ ጤንነት ያለው» የሚል መሥፈርት ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ማስታወቂያ ተገልብጦ የመጣ ነው፤ የሰው ኃይል ኃላፊውን «ይህ መሥፈርት ለዚህ ሥራ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ በትሕትና ስትጠይቁ መልስ የማይኖርበት ጊዜ ይበዛል። የመንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የቢሮ ሥራም እንዲሁ።

ሕጉን በቦርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ ግን አታውጡት። በሕግ የተጀመረ ንግግር በአብዛኛው በሕግ ክፍል ያልቃል። ሲያስፈልግ ግን በደንብ ልታውቁት ይገባል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይባላል። የሥራው ጠባይ የግድ ካላለ በስተቀር በምልመላና በቅጥር አድልዎ ይከለክላል፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል፤ ቀጣሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ ክስ የሚያቀርብ ሰውም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው ቀጣሪው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች።

ቀጣሪው የሚፈራውን በግልጽ እንዲናገር አድርጉት። «አደጋ ቢደርስበትስ?» «ደንበኞች ቅር ቢላቸውስ?» «ማባረር ባንችልስ?» ብሎ የሚጠይቅ ቀጣሪ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ፈገግ ብሎ «እናስብበታለን» የሚለውን ነው የምሰጋው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፦ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይመዘን። የተሻለ ማስረጃ ደግሞ ዓይን ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተኪ የተባለው ድርጅት መስማት የተሳናቸው ሴቶች የወረቀት ቦርሳ የሚያመርቱበት ነው። ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። እንዲህ ያሉትን ስሞች ለቀጣሪው መጥቀስ ይረዳል፤ ከሁሉ የሚረዳው ግን እዚያው ሰፈር አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ያለው ሌላ ቀጣሪ ጋር ማገናኘት ነው።

አራተኛ፦ ወረቀቱ እንዲነበብ አድርጉ

ይህ ክፍል ጥቃቅን ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ዓይነ ስውር ወጣት ኮምፒውተሩንና ስልኩን የሚያነበው በስክሪን ሪደር ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ማለት ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው በነጻ ይገኛል፤ ኢስፒክ ከተባለው የድምፅ ማመንጫ ጋር አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ለለመደው ጆሮ ግን በቂ ነው።

ፕሮግራሙ ፎቶ አያነብም። ማኅተም ተመትቶ፣ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም የተላከ ደብዳቤ ለእርሱ ባዶ ገጽ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት የፊደሉ ዓይነት ነው። በመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ አሮጌ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የላቲን ፊደላት ናቸው። ስክሪን ሪደሩ ሲያነባቸው ትርጉም የሌለው ጫጫታ ያወጣል። ቀጣሪው በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ አማርኛ በሚያውቀው አጻጻፍ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፊደል፣ እንዲጽፍና የወርዱን ፋይል ራሱን እንዲልክ ጠይቁ። ከሚጠየቁት ማመቻቸቶች ሁሉ ወጪ የሌለው ይህ ነው።

ማመልከቻውን ወጣቱ ራሱ ይጻፍ፤ እናንተ እርማት ብቻ ስጡ። ስለ ጉዳቱ በማመልከቻው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን እሱ ይወስን። የእኔ ምክር ለፈተናው ማመቻቸት የሚፈልግ ከሆነ ቀድሞ ማሳወቅ ነው፤ ድንገት ሲደርስ ፈታኙ ይደነግጣል፣ ፈተናውም ይበላሻል።

አምስተኛ፦ ከቃለ መጠይቁ አንድ ቀን በፊት

በዚህ ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ ከጥበቃው ጀምሩ። «ነገ በሦስት ሰዓት አንድ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ይመጣል፤ ነጭ በትር ይይዛል፤ ስሙ ይህ ነው» በሏቸው። ከዚያ ጸሐፊዋን፣ ከዚያ ፈታኞቹን። ጥበቃው ስሙን ጠርቶ ሲቀበለው ወጣቱ ቀና ብሎ ነው የሚገባው።

ለፈታኞቹ የምሰጣቸው ምክር አጭር ነው። ዓይነ ስውሩን ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ ክንዳችሁን ስጡት፣ እሱ ይይዛል። ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንዳለ በስም ንገሩት። መስማት ለተሳነው ሰው ጥያቄውን ስትጠይቁ አስተርጓሚውን ሳይሆን እሱን ተመልከቱ። በንግግር ለሚዘገይ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ወጣት ደግሞ ከቃለ መጠይቅ ይልቅ ሥራውን ለግማሽ ቀን ሠርቶ እንዲያሳይ ጠይቁ።

እናንተ ወደ ክፍሉ አትግቡ። ውጭ ጠብቁ።

ስድስተኛ፦ የዋስ ጉዳይ

ፈተናውን አልፎ «ዋስ አምጣ» ሲባል የቀረ ወጣት ብዙ አይቻለሁ። ገንዘብና ንብረት በሚያስይዝ ሥራ ዋስ መጠየቁ ይገባኛል፤ ስልክ ለሚያነሳ ወይም ጽሑፍ ለሚተይብ ሰው ግን ለምን እንደሚጠየቅ ቀጣሪውን አነጋግሩት። ካልቀረ ገደቡን በብር ልክ እንዲያሳንስ ጠይቁ። ወጣቱ ደግሞ ሥራ ሳይገኝ ገና ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከዕድርተኛ ማን ሊዋሰው እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ለሁሉም እኔ ዋስ እሆናለሁ ብላችሁ አትግቡበት፤ አንዱ ችግር ሲገጥመው ድርጅቱ ይዘጋል፣ የሌሎቹም ተስፋ አብሮ ይዘጋል።

ሰባተኛ፦ ስልሳዎቹ የሥራ ቀናት

አብዛኛው ሰው ቅጥሩ ሲፈረም ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ያን ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

በእነዚህ ሳምንታት ሠራተኛውን የሚጥለው ክፋት ሳይሆን ደግነት ነው። በክራንች የምትሄድ አንዲት ወጣት በአንድ ድርጅት መዝገብ ቤት አስቀጥረን ነበር። አለቃዋ መልካም ሰው ነበሩ። «አንቺ ተቀመጪ፣ አትቸገሪ» ይሏታል፤ ፋይሉን ሌሎች ያመላልሳሉ፤ እሷ ቡና ይቀርብላታል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ደውላ «ምጽዋት የተቀበልኩ መሰለኝ» አለችኝ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ስልሳው ቀን ሲሞላ ምዘናው ላይ የሚጻፍላት አንድም ሥራ አልነበረም።

በማግስቱ ሄጄ ከአለቃዋ ጋር ተቀመጥን። የቀን ሥራዋን በቁጥር ጻፍነው፦ ይህን ያህል ፋይል ትመዘግባለች፣ ይህን ያህል ደብዳቤ ታወጣለች። የቆዩ ማኅደሮች ከእጇ ከፍታ በላይ ወዳሉት ሁለት መደርደሪያዎች ተወስደው በየቀኑ የሚፈለጉት ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትሳሳት ተቆጧት፤ ያን ዕለት ደስ ብሏት ደወለችልኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠይቁ፤ ከዚያ በየሳምንቱ፤ ሠራተኛውን ለብቻው፣ አለቃውን ለብቻው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዛሬ ምን ተሠራ? መስማት የተሳነው ሠራተኛ ባለበት ክፍል የሥራ ባልደረቦቹ ሠላሳ ያህል የሥራው ምልክቶችን ከእሱ ከራሱ እንዲማሩ በሳምንት ግማሽ ሰዓት አስፈቅዱ። ምሳ አብሮ የሚበላ ሰው መኖሩንም አረጋግጡ። ምሳውን ብቻውን የሚበላ ሠራተኛ ከሌላው ቀድሞ ይለቃል።

መዝገብ ያዙ። ስንት ሰው አስቀጠርን የሚለውን ብቻ ሳይሆን ስንቱ በስድስተኛው ወር እዚያው እንዳለ፣ የለቀቀውም ለምን እንደለቀቀ ጻፉ። ደመወዝ ተሻሽሎለት ወደ ሌላ የሄደ ሰው ኪሳራ አይደለም። ሊፍት ተበላሽቶ፣ ታክሲ አጥቶ፣ ሥራ ተነፍጎ የለቀቀ ግን ተመልሳችሁ ልትጠግኑት የሚገባ ነገር ጥሎላችሁ ሄዷል።

ስድስት ወር የሞላውን ሠራተኛ ደግሞ ቀጥሎ ለሚቀጠረው ወጣት መንገዱን እንዲያሳየው፣ ከጥበቃው ጋር እንዲያስተዋውቀው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ አብሮት እንዲበላ ጠይቁት። ለጊዜውም ክፈሉት።